የአውሮፓ ፖለቲካና የምርምር ገንዘብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አውሮፓ ሄደው መማር ወይም መመራመር የሚያስቡ፣ አገር ቤት ሆነውም ከአውሮፓ ላቦች ጋር የሚሠሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እዚህ ተሰብስበዋል። ዓመትና ወሩ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የሳይንስ ገንዘብን ከፖለቲካ ምን አገናኘው?

ገንዘቡን የሚያወጡት መንግሥታት ናቸዋ። የአውሮፓ አገሮች ከ1984 ጀምሮ የጋራ የምርምር ፕሮግራም እየነደፉ በየጥቂት ዓመቱ ያድሱታል። የአሁኑ ሆራይዘን ዩሮፕ ይባላል። ከ2021 እስከ 2027 የሚቆይ ነው፤ ሲጀመር 95.5 ቢሊዮን ዩሮ ተመድቦለታል። ከሱ በፊት የነበረው ሆራይዘን 2020 በጀቱ ወደ 80 ቢሊዮን ዩሮ ነበር።

አሸናፊው የሚለየው በውድድር ነው። ፕሮፖዛሉን የሚገመግሙት የሙያው ሰዎች ናቸው። የአመልካቹ አገር መሪ ከአውሮፓ ኅብረት መቀመጫ ከብራስልስ ጋር ይስማማል ወይስ አይስማማም ብለው ነጥብ አይቀንሱም። ወደ ውድድሩ ለመግባት የሚፈቀደው ለማን ነው የሚለው ግን በመንግሥታት መካከል በሚፈረም ውል ይወሰናል። ፖለቲካው የሚገባው በዚህ በር ነው። ከገባ በኋላ፣ ስለ ባትሪ የምታጠና ኬሚስት ሥራዋ ስለ ስደተኛ ወይም ስለ ጉምሩክ ፍተሻ በተነሳ ጭቅጭቅ ሊታገት ይችላል። እሷ በነገሩ ውስጥ የለችበትም። ዳፋው ግን ይደርሳታል።

“ተባባሪ አገር” ሲባል ምን ማለት ነው?

የኅብረቱ አባል ሳይሆን ድርሻውን እየከፈለ በፕሮግራሙ የሚወዳደር አገር ነው። ክፍያው በዋናነት የሚሰላው ከአገሩ ኢኮኖሚ መጠን ተነስቶ ነው። ኖርዌይ፣ አይስላንድ፣ ቱርክ፣ ዩክሬን፣ ሰርቢያ፣ እስራኤል፣ ቱኒዚያ በዚህ መንገድ ገብተዋል። ኒውዚላንድ፣ ካናዳና ደቡብ ኮሪያም በቅርብ ዓመታት ተቀላቅለዋል። ለእነሱ የተከፈተው ግን አንዱ ክፍል ብቻ ነው፤ ብዙ አገሮች ተሰባስበው በጤና፣ በኢነርጂ፣ በአየር ንብረትና በመሳሰሉት የሚሠሩበት።

የከፈለ ሁሉ ያገኛል ማለት አይደለም። እንደ ዕቁብ ተራ ተጠብቆ የሚደርስ ገንዘብ የለም። ጠንካራ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉት አገር ከከፈለው በላይ ሊወስድ ይችላል፣ ደካማው ደግሞ ከፍሎ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።

ተባባሪ ያልሆነ ሀብታም አገርስ? ተመራማሪዎቹ በብዙ ፕሮጀክቶች መሳተፍ አይከለከሉም። ወጪያቸውን ግን በአብዛኛው የራሳቸው አገር ይሸፍናል፤ ፕሮጀክቱን የመምራት ዕድላቸውም በጣም ጠባብ ነው።

ብሪታንያ ከኅብረቱ ስትወጣ ተመራማሪዎቿ ምን ገጠማቸው?

ሦስት ዓመት ደጅ መጥናት። ሕዝበ ውሳኔው የተካሄደው ጁን 2016 ነው፤ አገሪቱ ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ወጣች። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 24 የተደረሰበት የንግድ ስምምነት ብሪታንያ የሆራይዘን ዩሮፕ ተባባሪ እንደምትሆን ይገልጽ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎቹ እፎይ አሉ።

ከዚያ የሰሜን አየርላንድ ጉዳይ መጣ። ጭቅጭቁ ከእንግሊዝ ወደ ሰሜን አየርላንድ የሚሻገር ዕቃ የት ይፈተሽ የሚል ነበር። ለንደን የፈረመችውን ፕሮቶኮል እንደተጻፈው አልፈጽምም ስትል ብራስልስ የሳይንሱን ውል ሳይፈርም አቆየው። በወደብ ላይ የምግብና የመድኃኒት ፍተሻ ከዘረመል ጥናት ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር የለም። ነገር ግን የምርምሩ ውል ጥሩ የእጅ መጠምዘዣ ሆኖ ተገኘ።

ጉዳዩ የተፈታው በፌብሩዋሪ 2023፣ የዊንዘር ማዕቀፍ በተባለው ስምምነት ነው። ሴፕቴምበር 7 ቀን 2023 ተስማምተው ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ብሪታንያ ገባች። ኮፐርኒከስ ከሚባለው የሳተላይት ፕሮግራም ጋር በአማካይ በዓመት ወደ 2.6 ቢሊዮን ዩሮ ትከፍላለች ተብሎ ተገምቷል። ከከፈለችው በጣም ያነሰ ካገኘች ማስተካከያ የሚደረግበት አንቀጽም በውሉ ገብቷል። ወደ ኑክሌር ምርምሩ፣ ወደ ዩራቶም ግን አልተመለሰችም። በደቡብ ፈረንሳይ ከሚገነባው ከግዙፉ የፊውዥን ማብላያ ከኢተር ውጭ የቀረችውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በመሀሉ ግራንት ያሸነፉት ሰዎች ምን ሆኑ?

ወሬው ሁሉ ስለ ቢሊዮኖቹ ስለሆነ ይህ ጥያቄ ይዘለላል። ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው።

የአውሮፓ ምርምር ካውንስል፣ በአጭሩ ኢአርሲ፣ ከ2007 ጀምሮ ለአንድ ተመራማሪና ለቡድኑ ገንዘብ ይሰጣል። ለጀማሪዎች እስከ 1.5 ሚሊዮን ዩሮ፣ ለነባሮቹ እስከ 2.5 ሚሊዮን፣ አብዛኛውን ጊዜ ለአምስት ዓመት ነው። በሙያው ውስጥ ይህን ማሸነፍ ትልቅ ክብር ነው። በ2022 ብሪታንያ ውስጥ ሆነው ላሸነፉት ደብዳቤ ደረሳቸው። ይዘቱ አጭር ነው፦ ወይ ግራንቱን ይዘው ብቁ ወደሆነ አገር ተቋም ይዛወሩ፣ ወይ ይቅርብዎ።

በአንድ ሰው ላይ አስቡት። ላቡ ተደራጅቷል። ማይክሮስኮፑን ለማስተካከል ብቻ ወራት ፈጅቷል። በሥሩ የፒኤችዲ ተማሪዎች አሉ፤ አንዷ ልትጨርስ ስድስት ወር ቀርቷታል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተዋል። ባለቤቱ ሌላ መሥሪያ ቤት ትሠራለች። በጥቂት ወር ውስጥ ሌላ አገር የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ አግኝቶ፣ ተደራድሮ፣ ውል መፈረም አለበት። ጥቂቶቹ ሄዱ። አብዛኞቹ ግን የብሪታንያ መንግሥት የሰጠውን ምትክ ገንዘብ ተቀብለው ቀሩ። መንግሥቱ ገንዘቡን መተካቱ የሚመሰገን ነው። ያ ሰው በነዚያ ወራት ሊሠራው ይችል የነበረውን ሥራ ግን የሚተካለት የለም።

ስዊዘርላንድ የኅብረቱ አባል ሆና አታውቅም። እሷ ደግሞ ምን ሆና ነው?

ሁለት ጊዜ ተባራ ሁለት ጊዜ ተመልሳለች።

የመጀመሪያው በ2014 ነው። ፌብሩዋሪ 9 ቀን የስዊዝ መራጮች የውጭ ሰው አገባብ እንዲገደብ በ50.3 በመቶ ድምፅ ወሰኑ። ክሮኤሺያ ያኔ ኅብረቱን ከተቀላቀለች ዓመት እንኳ አልሞላትም። መንግሥት በውጤቱ ተይዞ፣ የክሮኤሺያ ዜጎች እንደ ሌሎቹ በነፃነት ገብተው እንዲሠሩ የሚፈቅደውን ሰነድ አልፈርምም አለ። ብራስልስ የሆራይዘን 2020 ድርድሩን አቆመ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ በከፊል ተመለሱ፤ ሙሉ በሙሉ የገቡት የክሮኤሺያው ጉዳይ ከተፈታ በኋላ፣ በጃንዋሪ 2017 ነው። እንግዲህ ዙሪክ ላይ የበረዶ ግግር የሚያጠና ሰው ዕጣ የተንጠለጠለው የክሮኤሺያ ዜጋ የሥራ ፈቃድ ላይ ነበር።

ሁለተኛው ሜይ 26 ቀን 2021 መጣ። የበርን መንግሥት ከኅብረቱ ጋር ያለውን ግንኙነት በአንድ ማዕቀፍ ሥር ለማድረግ ለዓመታት ሲካሄድ የነበረውን ድርድር አቋረጠ። ያጣሉት ጉዳዮች የሠራተኛ ደመወዝ ጥበቃ፣ የኅብረቱ ዜጎች መብትና የመንግሥት ድጎማ ነበሩ። ስለ ሳይንስ የተጣላ ሰው አልነበረም። ሆኖም ስዊዘርላንድ ከሆራይዘን ዩሮፕ ውጭ ሆነች። ኢቲኤች ዙሪክና ኢፒኤፍኤል ሎዛን፣ በአውሮፓ ከምርጦቹ የሚቆጠሩ ሁለት ተቋማት፣ ከኢአርሲ ውድድር ቀሩ። በ2022 የስዊዝና የብሪታንያ ሳይንቲስቶች ከሌሎች አውሮፓውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ፖለቲከኞች ሳይንሱን ከጠባቸው እንዲለዩት ዘመቻ ጀምረው ነበር። የሰማቸው የለም፤ መፍትሔው የመጣው ፖለቲከኞቹ በራሳቸው ጊዜ ሲታረቁ ነው። ድርድሩ በዲሴምበር 2024 አለቀ፣ ለ2025 ጥሪዎች በሩ ተከፈተ፣ ውሉም ኖቬምበር 10 ቀን 2025 በርን ላይ ተፈረመ።

ሀብታም አገሮች አይደሉም እንዴ? ከራሳቸው ኪስ ቢከፍሉስ ምን ይጎድላል?

ከፍለዋልም። የሁለቱም መንግሥታት ምትክ ፈንድ አቁመዋል። ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ እዚያ ላይ ባለቀ።

የጋራ ፕሮጀክት ፕሮፖዛል እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይጠቅማል። በደንቡ ቢያንስ ሦስት ተቋማት ከሦስት የተለያዩ አገሮች ያስፈልጋሉ፤ እነዚህ አገሮች አባል ወይም ተባባሪ መሆን አለባቸው። ትልልቆቹ ፕሮጀክቶች አሥርና ሃያ ተቋም ያሰባስባሉ። አስተባባሪው ከማመልከቻው ብዙ ወራት ቀድሞ ኢሜል እየላከ ሰው ይመርጣል። ለንደን ያለውን ልጋብዝ ወይስ አምስተርዳም ያለውን? ለንደን ያለው ጎበዝ ነው፤ ግን አገሩ ይግባ አይግባ አይታወቅም። ፕሮፖዛሉን አደጋ ላይ መጣል የሚፈልግ የለም። ስለዚህ ኢሜሉ ወደ አምስተርዳም ይሄዳል። ማንም ማንንም አልከለከለም፣ በወረቀት የሰፈረ ነገርም የለም። ዝም ብሎ ግብዣው ይቀራል። በሚቀጥለው ዙር ደግሞ አስተባባሪው ቀድሞ አብሮት የሠራውን ሰው ነው የሚጠራው። እንዲህ ያለው ጉዳት ውል ስለተፈረመ በማግስቱ አይሽርም።

ሌላው ነገር ውድድሩ ራሱ ነው። አንድ ወጣት ተመራማሪ ከመላው አውሮፓ ጋር ተወዳድሮ ማሸነፉና በአገሩ ውስጥ ብቻ ተወዳድሮ ማሸነፉ በሙያው ዓለም እኩል አይታዩም። ቦታ ሲፈልግ ያኛው ክብር ነው የሚቆጠርለት።

ሀንጋሪ የኅብረቱ አባል ናት። ዩኒቨርሲቲዎቿ ለምን ታገዱ?

የሀንጋሪ መንግሥት ብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን ከ2019 በኋላ ወደ ባለአደራ ድርጅቶች አዛወረ። በባለአደራ ቦርዶቹ ላይ ሚኒስትሮችና ለገዢው ፓርቲ ቅርብ የሆኑ ሰዎች ተቀመጡ። የኅብረቱ ስጋት የጥቅም ግጭት ነው፦ ገንዘቡን የሚያስተዳድሩት ፖለቲከኞች ከሆኑ ማን ይቆጣጠራቸዋል? ዲሴምበር 15 ቀን 2022 የኅብረቱ ምክር ቤት እነዚህ ባለአደራ ድርጅቶችና የሚያስተዳድሯቸው ተቋማት አዲስ የኅብረት ገንዘብ እንዳያገኙ ወሰነ። ሆራይዘን ዩሮፕም፣ የተማሪዎችና የመምህራን ልውውጥ ፕሮግራሙ ኢራስመስ ፕላስም በዚህ ተነኩ።

ከብሪታንያና ከስዊዝ ጉዳይ ጋር አንድ አድርጌ አላየውም። እዚህ ላይ ጥያቄው ስለ ዩኒቨርሲቲዎቹ አስተዳደር ራሱ ነው፣ የኅብረቱ ስጋትም መሠረት አለው። ያም ሆኖ ቅጣቱ ያረፈው ማን ላይ ነው? ቦርዱን ያልመረጠው ዶክተርና ተማሪ ላይ። ከታገዱት አንዱ የሴጌድ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2023 ለኤምአርኤንኤ ክትባት መሠረት በሆነው ሥራዋ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ካታሊን ካሪኮ የተማረችው እዚያ ነው። የቡዳፔስቱ ሴመልዋይስ የሕክምና ዩኒቨርሲቲም አልቀረለትም።

ከሩሲያ ጋር የነበረው ትብብርስ ምን ደረሰ?

ዩክሬን ከተወረረች በኋላ የኅብረቱ አስፈጻሚ አካል፣ የአውሮፓ ኮሚሽን፣ ከሩሲያ ተቋማት ጋር የነበረውን የምርምር ትብብር በማርች 2022 አገደ። ከባዱን ምሳሌ የምናገኘው ግን ሰማይ ላይ ነው።

ኢሮዚታ የሚባል የጀርመን የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ አለ። በ2019 ከባይኮኑር የተተኮሰው ከሩሲያ ቴሌስኮፕ ጋር በአንድ የሩሲያ መንኩራኩር ላይ ተጭኖ ነው። ሥራው መላውን ሰማይ ስምንት ጊዜ ማንሳት ነበር። አራቱን ጨርሶ አምስተኛውን ጀምሮ ሳለ፣ ጦርነቱ ከተጀመረ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2022፣ ጀርመኖች አጠፉት። ዕቃው አልተበላሸም። ከምድር አንድ ሚሊዮን ተኩል ኪሎ ሜትር ርቆ ተቀምጧል። ለዓመታት የደከሙበት ሰዎች በተሰበሰበው መረጃ እየሠሩ ነው።

የአውሮፓ ጠፈር ድርጅት ሮሳሊንድ ፍራንክሊን የምትባለውን የማርስ ተሽከርካሪ በሴፕቴምበር 2022 በሩሲያ ሮኬት ሊልክ ነበር። እሱም ቆሞ አሁን የታሰበው ለ2028 ነው። በጄኔቫ ያለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሰርን ደግሞ ከሩሲያ ጋር የነበረውን ስምምነት በኖቬምበር 2024 ማብቂያ ላይ ዘጋ። ሩሲያ ውስጥ ዱብና ከተማ ካለው ዓለም አቀፍ የኑክሌር ምርምር ተቋም ጋር ያለውን ግን አቆየ። በዚህም ብዙ ሰው ተከራክሯል። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን እንኳ የሶቪየትና የምዕራብ ፊዚክሰኞች በሰርን አብረው ይሠሩ ነበር የሚሉ አሉ። ቦምብ የሚወርድባቸው የዩክሬን ባልደረቦቻቸው ፊት ምንም እንዳልተፈጠረ መቀጠል አይቻልም የሚሉም አሉ። እኔ የሁለተኞቹ ሐሳብ ያመዝንብኛል፤ የመጀመሪያዎቹም የሚሉት እውነት ነው።

እስራኤልስ?

ከ1996 ጀምሮ ተባባሪ ናት። በ2013 ኅብረቱ ባወጣው መመሪያ በ1967 በተያዙት ግዛቶች ውስጥ የሚገኙ ተቋማት ገንዘብ እንዳያገኙ ተደረገ፤ ሆራይዘን 2020ም ይህን ገደብ ይዞ ተፈረመ። በጁላይ 2025 ኮሚሽኑ በጋዛው ሁኔታ ምክንያት ተሳትፎዋ በከፊል እንዲታገድ ሐሳብ አቀረበ። የታሰበው ለጀማሪ ኩባንያዎች የሚሰጠውን ገንዘብ ማገድ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችን ግራንት አይነካም። ሐሳቡ ከአባል አገሮች የሚፈለገውን ድምፅ በጊዜው አላገኘም።

ኳንተም ኮምፒውተርና ስፔስ ላይ ልዩ ገደብ አለ ይባላል፤ እውነት ነው?

አዎ። ኅብረቱ ለደኅንነቴ ያሰጋኛል ባለው ዘርፍ ተሳትፎን ለአባሎቹ ብቻ ማድረግ ይችላል። በ2021 ብሪታንያን፣ ስዊዘርላንድንና እስራኤልን ከኳንተምና ከስፔስ ፕሮጀክቶች ለማስቀረት ታስቦ ነበር። የገዛ ሳይንቲስቶቹና አንዳንድ አባል አገሮች ስለተቃወሙ ላላ።

ይህ ሁሉ ኢትዮጵያን ይነካል?

ይነካል፣ ግን በሌላ መንገድ። ኢትዮጵያ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ስለምትመደብ ተቋሞቿ ምንም ሳይከፍሉ ከሆራይዘን ዩሮፕ የጋራ ፕሮጀክቶች ገንዘብ ማግኘት ይችላሉ። የተባባሪነት ውል አያስፈልግም። ከ2003 ጀምሮ በኤችአይቪ፣ በቲቢና በወባ ላይ የአውሮፓና የአፍሪካ ተቋማት አብረው ክሊኒካል ሙከራ የሚያደርጉበት ኢዲሲቲፒ የሚባል ትብብርም አለ።

እኛን የሚጎዳን የዕርዳታ ፖለቲካ ነው። ብሪታንያ በ2021 የውጭ ዕርዳታዋን ከብሔራዊ ገቢዋ 0.7 በመቶ ወደ 0.5 ስትቀንስ በዕርዳታ በጀት ሥር የነበሩ የጋራ ምርምሮችም አብረው ተቆረጡ። በመሀል ላይ ያሉ ፕሮጀክቶች ጭምር በጀታቸውን እንዲቀንሱ ተነገራቸው። ስዊድን ለአስርት ዓመታት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ስትደግፍ የኖረች አገር ናት። በጁን 2023 ግን መንግሥቷ በምርምር ካውንስሉ በኩል ለልማት ምርምር የሚሰጠውን አዲስ ገንዘብ አቆመ። ሆራይዘን ላይ አንድ ተቋም ሲታገድ ጋዜጣ ይጮኻል። እዚህ ግን የመስክ መረጃ ሰብሳቢዎች ይበተናሉ፣ የተጀመረ የፒኤችዲ ጥናት ይንጠለጠላል፤ ዜናም አይሆንም። ይህ ሲደርስባቸው የሚሟገትላቸው ትልቅ ዘመቻ አለመኖሩ ያሳዝነኛል።

ከ2027 በኋላስ?

ኮሚሽኑ ለ2028–2034 ወደ 175 ቢሊዮን ዩሮ የሚሆን ፕሮግራም በጁላይ 2025 አቅርቧል። ይህ የመነሻ ሐሳብ ነው፤ የመጨረሻውን ቁጥር የሚወስኑት አባል አገሮችና የአውሮፓ ፓርላማ ናቸው፣ በድርድር ላይ ደግሞ የምርምር ገንዘብ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቀነስ ነው። ተባባሪ አገሮችም ለአዲሱ ፕሮግራም እንደገና መዋዋል አለባቸው።

አሁን ላመለክት ነው። ምን ላጣራ?

ዜግነት አያስጨንቃችሁ። የኢአርሲም ሆነ አውሮፓ ውስጥ የሚሠራባቸው የማሪ ኩሪ (የኅብረቱ የተመራማሪዎች ሥልጠናና ዝውውር) ግራንቶች ለማንኛውም አገር ዜጋ ክፍት ናቸው። የሚታየው የሚቀበላችሁ ተቋም የሚገኝበት አገር ነው። ለማሪ ኩሪ ፖስትዶክ ፒኤችዲ ሊኖራችሁ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የምርምር ልምድ ከስምንት ዓመት መብለጥ የለበትም። ማመልከቻው ከሚዘጋበት ቀን በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥም በምትሄዱበት አገር ከ12 ወር በላይ ኖራችሁ ወይም ሠርታችሁ መሆን የለበትም። በማሪ ኩሪ የፒኤችዲ መረብ የሚገቡት ደግሞ ተቀጥረው ደመወዝ ያገኛሉ፤ ማስታወቂያዎቹ ዩራክሰስ ድረ ገጽ ላይ ይወጣሉ።

አገሩ ተባባሪ ከሆነ ውሉ በሥራ ላይ መሆኑን ኮሚሽኑ ከሚያወጣው ዝርዝር ላይ እዩ። ወሳኙ ቀን የግራንቱ ውል የሚፈረምበት ነው፤ ስታመለክቱ ሊገባ በድርድር ላይ ያለ አገር በፊርማው ቀን ካልገባ ችግር ይፈጠራል። ሀንጋሪ ከሆነ ዩኒቨርሲቲው በባለአደራ ድርጅት የሚተዳደር መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። የሚቀበላችሁን ፕሮፌሰርም ሳታፍሩ ጠይቁት፦ የኅብረቱ ገንዘብ ባይመጣ የኔን ደመወዝ ማን ይሸፍናል? መልሱን በኢሜል ያዙት።